ምርመራ

እንግዳሸት ነው ስሜ፣ ቆጣሪ አነባለሁ፣
በደብረ ብርሃን ቁር ከደጅ ደጅ እላለሁ፤
በብብቴ መዝገብ፣ በጆሮዬ እርሳስ፣
የብረት ክዳኑን ከፍቼ ስዳስስ
ሸረሪት አድርታ አገኛታለሁ፣
«ቤተኛ ነሽ» ብዬ እሷን አልፋታለሁ።

ሌላው ዳዊት ያነባል፣ ሌላው ጋዜጣ፣
እኔ ግን ቁጥር ነው፣ ከጭቃ የወጣ፤
ቢሮው ሜትር ኩብ ይላል፣ ሰፈሩ ጀሪካን፣
አንዱ ኩብ ሃምሳ ነው በእኛ ጫንቃ ሚዛን።

እዚህ ቀበሌ ውሃ በፈረቃ ነው፣
በዘጠኝ ቀን አንዴ፣ ሌሊት ነው የሚመጣው፤
ከመምጣቱ በፊት ነፋስ ይቀድመዋል፣
እንደ ጋሪ ፈረስ ቧንቧው ያስነጥሳል፤
ያኔ ቆጣሪዬ፣ የዋሁ ብረት፣
ነፋሱን በውሃ ስም ይቆጥራል በጉጉት።
ሰው ባልዲ ደርድሮ ፉጨት ያዳምጣል፣
ወሩ ሲያልቅ መጥቶ ለፉጨት ይከፍላል።

ከአዲሱ ሆቴል ፊት፣ ከአስፋልቱ ዳር፣
አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ቧንቧ ፈስሶ ሲያድር
የኅዳር ውርጭ ነክሶት ብርጭቆ ይሆናል፣
የተማሪ ጫማ ጠዋት ይስቅበታል።
ሦስቴ አመለከትሁ። ሦስት ማኅተም አለኝ።
ጥገና ክፍሉ ግን «መኪና የለም» አለኝ።
ማኅተም ቧንቧ ቢደፍን ኖሮ…

ከከተማው በታች፣ ደምሰው፣ የአክስቴ ልጅ፣
ጎመን ያለማል ከወንዙ ደጅ፤
«የዘንድሮው ብርድ ልብስ ቀይ ነው» ይለኛል፣
«ገበያ ሳይወጣ ወንዙ ይነግረኛል።
ባለፈው ሰማያዊ፣ ከዚያ በፊት ቡላ፣
ሽታው ከኋላ ነው፣ የከረመ አተላ።»
ላሚቱ ወረደች፣ አጎንብሳ አሸተተች፣
ቀና ብላ አየችው፤ ሳትጠጣ ተመለሰች።
ጎመኑ ግን እግር የለው፣ አፍንጫ የለው፣
የሰጡትን ጠጥቶ ቅዳሜ ገበያ ነው።
እኔም ገዝቻለሁ። ልጆቼም በልተዋል።
ይኸኛው በየትኛው ቆጣሪ ይነበባል?

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ቁጥራቸው አይሄድም፤
ሦስት ወር አንድ ቦታ፣ አልገፋም፣ አልቀደም።
«ሰረቁ» ወይ «ሞቱ» ነው በእኛ ቢሮ ደንብ፤
አንኳኳሁ። ወጡልኝ ተደግፈው ግንብ።
«ዘጋሁት» አሉኝ፣ «ልጄ፣ ነፋስ ለምን ልግዛ?
ጣርማ በር ላይ እኮ በነጻም አይገዛ!»

አሸንዳው ከጣራው፣ በርሜሉ ተከድኖ፣
የክረምቱ ዝናብ ተቀምጧል ታፍኖ፤
አንዲቱ ጣሳ ውሃ አራት ስም አላት፣
ከሥራ ወደ ሥራ ሲልኳት አየኋት፦
ማለዳ የገብስ ናት፣ ረፋድ የሳህን፣
ከሰዓት የእግር ናት፣ ማታ ማታ እንኳን
ከጤና አዳሙ ሥር ቀስ ብላ ትገባለች፣
ጎንበስ ብለው ሲያፈሷት ድምፅ አታሰማም፣ ደክማለች።
«ለመሬት ስመልሳት» አሉ «አላፍርባትም፤
ከእጄ ስትወጣ ቀለም አልቀባኋትም።»

ቅጹ ሦስት ቤት አለው፦ የቀድሞ፣ የአሁን፣ ልዩነት።
በልዩነቱ ቤት ዜሮ አኖርሁበት።
ከዳር «ምርመራ» የሚል ጠባብ ዓምድ አለ፣
አሥራ አራት ዓመት ባዶውን የዋለ።
እርሳሴን በምላሴ አርጥቤ ጻፍሁበት፦
«ቆጣሪው ደኅና ነው። የቆመው ሌላ ነው።»
ማታ አለቃ ጠራኝ። «ይኸ ደግሞ ምንድን ነው?
ቁጥር አይደለም እኮ።»
«አዎ» አልሁት። «አይደለም።»

ዛሬ ሌሊት ፈረቃው የእኛ ሰፈር ነው።
ባለቤቴ ሰባት ባልዲ ደርድራለች፣ እንደ ልጆች ቁመት፣
ትንሹ ከበሩ ጥግ፣ እጀታው የተሰበረ።
ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቧንቧው አስነጠሰ፤
ከደጅ፣ ከክዳኑ ሥር፣ የራሴ ቆጣሪ
ሲሮጥ ይሰማኛል።
አልተነሣሁም።
የዛሬውን እሷ ታንብበው፣ ሸረሪቷ።